የሰዓዳ ቅቤ

ቅቤ ሲነጠር በሸተተኝ ቁጥር እጄ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ቅቤ ልታነጥር ስትል አስቀድማ ትነግረኛለች፤ እኔም ወይ ወጣ እላለሁ፣ ወይ የወንበሩን ክንድ ይዤ እቀመጣለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም፤ ምክንያቱን ከሥሩ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ሳወራ እነሱም አጠገቤ ናቸውና አብረው ይሰሙታል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ፣ ቆቦ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ የነበረችኝ መካኒክ ነበርኩ። ስሜ ኑሩ ነው፤ ሰፈሩ ኑርዬ ይለኛል። ሙያውን ተምሬ ከደሴ ስመለስ ከመፍቻዎቼ ጋር ትንሽ ኩራትም ይዤ ሳልመጣ አልቀረሁም፤ በእጄ ፈትቼ ያላየሁትን ነገር አላምንም ነበር። እናቴ ጠዋት ከቤት ስወጣ እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርግልኛለች። እኔም «አሚን» እላለሁ፤ የምለው ግን ቅር እንዳይላት ነው እንጂ ልቤ ቀድሞኝ ጋራዥ ደርሷል።

ደሴ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጋሽ ተካ ይባላሉ። ቁጡ ነበሩ፤ የወደቀ ብሎን ሳያነሣ የሚራመድ ሰው ካዩ ምሳ አይበሉም። አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው፦ የሞተር ሳይክል ፍሬን የሠራ መካኒክ፣ ሞተሩ መጀመሪያ ቁልቁለት ሲወርድ ከኋላ ይቀመጣል። ይነዳል አላሉም። የሚነዳ ሰው የፍሬኑን ችግር በእጁ ሊያስታምመው ይችላል፤ ከኋላ የተቀመጠ ግን የሚይዘው የሰው ወገብ ብቻ ነው ይሉ ነበር። እኔ ደንቡን የማየው እንደ ፈተና ነበር፤ ካበላሸህ አብረህ ውደቅ የሚል ቁጣ ያለበት ፈተና። ቆቦ ደግሞ ሜዳ ስለሆነ ደንቡን ማክበር ብዙም አላስቸገረኝም።

አንድ ጠዋት የከብት ሐኪሙ አቶ ደረጀ ሞተራቸውን እየገፉ መጡ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሞተሩ ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ባለሥልጣን ለማጀብ ተብሎ የመጣ ግዙፍ ነገር። ባለሥልጣኑ በመኪና መሄድ ስለመረጠ ሞተሩ ወደ እርሻ ቢሮ ዞረ፤ እርሻ ቢሮም ለአቶ ደረጀ ሰጣቸው። እሳቸው የክትባት ሣጥን ግራና ቀኝ አስረው በየገጠሩ ሲዞሩበት የሚያርስ ገበሬ ሞፈሩን አቁሞ ያያቸዋል።

የዚህ ሞተር ፍሬን እንደሌሎቹ አይደለም። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ የኋላው ጎማም፣ የፊቱን ጎማ ከሚያቆሙት ሁለት ክብ ብረቶች፣ ከዲስኮቹ፣ አንዱም አብረው ይያዛሉ። የእጁ ፍሬን የሚይዘው የቀረውን አንዱን የፊት ዲስክ ብቻ ነው። የእግሩን ግፊት ለፊትና ለኋላ የምታካፍለው ደግሞ ውስጥ ለውስጥ የተደበቀች፣ አውራ ጣት የምታክል ቫልቭ ናት። ሰው ደንግጦ አጥብቆ ሲረግጥ ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት ቆንጠጥ አድርጋ ታስቀራለች። ያን ጊዜ የኋላው ጎማ እየዞረ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆልፍም። ከቆለፈ ሞተሩ ጭራው ይሸሻል፣ ነጂውም አፈር ይልሳል። አቶ ደረጀን ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶባቸዋል፤ የሁለተኛውን ጠባሳ ያሳዩኝ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ነው።

ዞብል ተራራ ላይ ከብት የሚጨርሰው በሽታ ምልክቱ ታይቷል ተብሏል። ክትባቱ በበረዶ ታሽጎ መጥቷል፤ በረዶው ከቀለጠ ደግሞ ክትባቱ አይረባም። አቶ ደረጀ በቶሎ መውጣት እንዳለባቸው ነገሩኝና አጠገቤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ቫልቯን ፈትቼ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘረጋኋት። አንዲት ፒስተን፣ አንዲት ሞላ፣ ዘይት የሚያግዱ ሁለት የጎማ ቀለበቶች፣ እኛ ጎሚኒ የምንላቸው፤ ይኸው ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ ፒስተኗን ከቤቷ ጋር አጣብቋታል። ቤንዚን ቢነካት ቶሎ ትጸዳ ነበር፤ ቤንዚን ግን ጎሚኒ ያሳብጣል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ቆቦ ላይ ቅያሪ የለውም። ስለዚህ በአዲስ የፍሬን ዘይት እያራስኩ በጣቴ አሸኋት። የቤቷን ውስጥ በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ ጭረት ካለ ጥፍር ይይዛል። ጎሚኒዎቹን ወደ ብርሃን አንሥቼ ትንሽ ለጠጥ እያደረግኩ ስንጥቅ ፈለግኩ። ደህና ነበሩ። መልሼ ስገጥማት ፒስተኗ በጣቴ ግፊት ሸርተት ብላ ገባች፣ ስለቃትም ሞላዋ መለሰቻት።

ከዚያ ዘይቱን ሞልቼ ከቱቦዎቹ ውስጥ አየር አስወጣሁ። አቶ ደረጀ ፔዳሉን ሲረግጡ እኔ ተንበርክኬ ጎማዎቹን በእጄ እያሽከረከርኩ አያያዙን አየሁ። የፊቱም የኋላውም እሺ አሉ። ዋናው ፈተና ግን ቁልቁለት ላይ እንደሆነ፣ የጋሽ ተካንም ደንብ ነገርኳቸው። ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ መጀመሪያዬ ነው። ቁልቁለት ከፈለግህ ዞብል አለልህ፣ ተነሥ አሉኝ።

በማግስቱ ማሽላውን ግራና ቀኝ እየተውን፣ ሰፊውን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን ወጣን። መንገዱ በገበሬ ማኅበር ዘመቻ የተጠረገ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሞተሩ እኛን ሳይሆን እኛ እሱን የተሸከምነው ይመስለኛል። ዞብል ያሳደሩን እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። ልጃቸው ሰዓዳ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታለች። ሳቂታ ነበረች፤ ሆዷ እየከበዳት እንኳ ለእኛ ውኃ አምጥታ ስታስታጥበን፣ ሞተራችሁ ምን ይበላል ብላ አቶ ደረጀን ታሾፍባቸዋለች።

እትዬ ዘሃራ ራት ላይ አንድ ቅል አሳዩን። ሰዓዳ ማርገዟን ከሰሙ ጀምሮ ለልጃቸው ያጠራቀሙት ቅቤ ነው። አራስ ስትሆን አናቷን ይቀቧታል፣ ወገቧን ያሹበታል። ከራሳቸው ፀጉር ቀንሰው እንዳስቀመጡት ሲነግሩን ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው የደረቀውን ፀጉራቸውን አሳዩን። በዚያ አገር የሴት ልጅ ፀጉር ያለ ቅቤ መዋሉ ቀላል ነገር አይደለም።

በማግስቱ ከብቱ ሲከተብ ዋለ። አመሻሹ ላይ ሰዓዳን ምጥ ያዛት። እኛ ጎረቤት ሄደን አደርን። ጠዋት ስንመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አዋላጇ ሴትዮ ወጥተው ልጁ እንደተጋደመ፣ በእሳቸው እጅ እንደማይሆን ተናገሩ። ቶሎ ቆቦ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን አሉ።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው መከሩ። ቃሬዛው በእግር መንገዱ፣ በአቋራጭ ቁልቁል ይወርዳል፤ እስከ ደረቁ ወንዝ ድረስ ጎበዛዝቱ እየተፈራረቁ ያደርሷታል። ከወንዙ እስከ ቆቦ ያለው ሜዳ ግን ፀሐይ ከጠነከረች የደህና ሰው ትንፋሽ ይወስዳል፤ እሷ አትችለውም። እኛ በሞተር ቀድመን ቆቦ ገብተን የጤና ጣቢያውን ላንድሮቨር ወንዙ ድረስ እንድናመጣ ነው የተባለው። ነገሩ ሁሉ ማን ቀድሞ ይደርሳል የሚል ሆነ፤ እኛ ወይስ ፀሐይዋ።

ሣጥኖቹን እዚያው ትተን መፍቻዎቼንና የአቶ ደረጀን የመርፌ ቦርሳ ብቻ ስናስር፣ እትዬ ዘሃራ ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ ብለው አየኋቸው። ቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ዱዓ እያደረጉ መሰለኝ። እናት በዚያ ሰዓት ከአላህ ጋር የምታወራውን ቆሞ ማየት ነውር ነውና ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ተነሥተው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ነበር።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ፣ የሚፈሩት እሳቸው ሆነው ሳለ። «እሱ አያደክማችሁም። በአላህ ስም ሂዱ።»

አሚን ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያለው መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ የሚሄድ ደልዳላ ነው፤ ፍሬን አያስፈልገውም። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። በስተግራችን የቆቦ ሜዳ ታች ተዘርግቶ ይታያል። መንገዱ ወደ ታች መታጠፍ ሲጀምር አቶ ደረጀ ፍሬኑን ነካ ነካ አደረጉት። ያን ጊዜ ቅቤ ሲነጠር ሸተተኝ። አጠገባችን ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ገደልና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። በዚህ በረሃ ማን ነው ቅቤ ያነጠረ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ ኮረሪማው ብቻ ነው የጎደለው።

ቀጥሎ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ መጨረሻው ወደ ቀኝ የሚሰበር ጠባብ ኩርባ ነው። ኩርባው ፊት ለፊት ባዶ ሰማይ ነው። አቶ ደረጀ የእጁን ፍሬን ሲጨብጡ ክንዳቸው ሲወጠር በወገባቸው በኩል ተሰማኝ። ሞተሩ ግን አልሰማቸውም። ይባስ ፈጠነ። ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይላቸው ፔዳሉ ላይ ቆሙበት።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ምክንያቱም ሕይወቴ የተለወጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ከፊት ምንም የለም፤ የፊቱ ጎማ እንደ ፈለገ ይሮጣል። ያለን የኋላው ብቻ ነው። ሰው እንደዚያ በድንጋጤ ሲረግጥ የኋላው መቆለፍ ነበረበት፤ ቢቆልፍ ጭራችን ሸሽቶ በጎናችን እየተንሸራተትን ገደሉን እንገባለን። ጡንቻዬ ሁሉ ያንን መንሸራተት ጠበቀ። አልመጣም። ጎማው ከሥሬ እየዞረ፣ እየተንገራገጨ፣ ጠጠሩን እየነከሰ ያዘ። አልለቀቀም፣ አልቆለፈምም። ያቺ ከሦስት ቀን በፊት በጣቴ ያሸኋት አውራ ጣት የምታክል ብረት፣ እዚያ ጨለማዋ ውስጥ ሆና የአንድ ሰው ድንጋጤ እየመጠነች ስታካፍል በመቀመጫዬ ተሰማችኝ። ፈትቼ አይቻታለሁ፣ ሁሉንም ነገሯን አውቃለሁ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ግን ምንም እንዳላወቅኋት ገባኝና፣ እየሞትኩ መስሎኝ እንኳ ተደነቅሁ።

ሞተሩ የመንገዱን ዳር የከተረውን የድንጋይ ካብ ገጭቶ ቆመ። አንድ ድንጋይ ወደ ገደሉ ወርዶ ድምፁን ለመስማት ረጅም ጊዜ ጠበቅን። ወርደን ቆምን፤ ሁለታችንም መጀመሪያ ያደረግነው መሬቱን በእግራችን መጫን ነው።

ወደ ፊቱ ጎማ ሄድኩ። ሁለቱም ዲስኮች በቅቤ ተለቅልቀው ይጨሳሉ። ጠብታው ጎማው ላይ ወርዶ አቧራ ለብሷል። መብራቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ቅቤ አለ። አቶ ደረጀ አጎንብሰው ካዩ በኋላ ምን ዓይነት ጠላት ነው ይህን የሚያደርግ ብለው ቀና አሉ። እኔም ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እትዬ ዘሃራ ቁጢጥ ብለው፣ ቅላቸውን ታቅፈው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ሲጠርጉ መጣልኝ። እሱ አያደክማችሁም ያሉትም ገባኝ።

እኛ አገር ሩቅ መንገድ ሊሄድ የተነሣ ሰው እግሩ ይታሻል፤ ጉልበቱ እንዳይዝል ከመገጣጠሚያው ላይ ቅቤ ይፈስለታል። እትዬ ዘሃራ ሞተሩን እንደ መንገደኛ ነው ያዩት። ልጃቸውን ሊያድን የሚሮጥ መንገደኛ። የፊት እግሮቹን ፈልገው መገጣጠሚያው የመሰላቸውን፣ የሚያብረቀርቀውን ክብ ብረት በደንብ አሹለት። ያሹበትም ለሰዓዳ አናት ያስቀመጡት፣ ከራሳቸው ፀጉር የቀነሱት ቅቤ ነው።

ለአቶ ደረጀ ይህን ስነግራቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ። ሊገድለን የነበረው ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ከሰጠኝ ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ነበር። ይህን የት ላድርሰው?

ለማልቀስም ጊዜ አልነበረንም። ከታች በእግር መንገዱ ላይ ቃሬዛው ሲወርድ አየነው። በአንድ ነጭ ጋቢ ተሸፍኗል፤ ጎበዛዝቱ ሳይቆሙ ትከሻ እየተለዋወጡ እንደ ውኃ ይወርዳሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ቃሬዛው ንቅንቅ አይልም። ያንን እያየሁ ቫልቯ ትዝ አለችኝ፤ እነሱም ሸክሙን የሚካፈሉት እንደዚያው ነው።

አቶ ደረጀ በኋላው ፍሬን ብቻ ቀስ ብለን እንውረድ አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ቫልቯ ለኋላው የምትሰጠው ቆጥባ ነው፤ የፊቱ ከሌለ የኋላው ብቻውን ያን ሁሉ ቁልቁለት አይችለውም። ከመርፌ ቦርሳቸው አልኮሉን አውጥተው ሰጡኝ። ዲስኮቹን በጨርቅ ደጋግሜ አጠብኩ። ዲስኮቹን ነክሰው የሚይዙትን፣ ቅቤ የጠጡትን የፍሬን ሸራዎች ፈታኋቸው። ደረቅ ጭራሮ ሰብስበን አነደድንና፣ ቅቤው እስኪወጣ ድረስ በፒንሳ ይዤ ጠበስኳቸው። ያ ሽታ እንደገና ተነሣ። ከዚያ ሻካራ ድንጋይ ላይ ፈገፈግኳቸው፤ አቶ ደረጀም አንዱን ተቀብለው እጃቸው እየተቃጠለ ፈገፈጉ። ማንም መካኒክ አዲስ ሸራ እያለ እንዲህ አያደርግም፤ እኛ ግን ያለን እሱ ነው።

ገጥሜ ስጨርስ አቶ ደረጀ መሪውን ይዘው አዩኝ።

«ኑሩ፣ አንተ እዚህ ቅር» አሉኝ። «ብቻዬን ብሆን ይቀለኛል። ካልያዘም የሚሞተው አንድ ሰው ይሁን።»

ልክ ነበሩ። ክብደት ይቀንሳል፤ ስሌቱ እሳቸውን ይደግፋል። እኔም ልቀር እችል ነበር፤ የሚወቅሰኝ ሰው የለም። የጋሽ ተካ ደንብ የገባኝ እዚያ ነው። እኔ ፈተና መስሎኝ ነበር። ጋሽ ተካ ግን የሚነዳ ሰው ወደ ቁልቁለት ብቻውን እንዳይወርድ ነው ያሉት። ፍሬን ላይ የሚቆም ሰው የሠራለት ሰው ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ካለ፣ እግሩ አይንቀጠቀጥም።

«ፍሬኑን የነካሁት እኔ ነኝ» አልኳቸውና ወጣሁ።

እጄን ይዘው ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስቀመጡልኝና ተነሣን።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሁላችንም፣ ሞተሩም ጭምር፣ ትንፋሻችንን የያዝን መሰለኝ። ፍሬኑ እየተርገበገበ ያዘ። ሁለተኛው ላይ የተሻለ ያዘ። ሦስተኛው ላይ አቶ ደረጀ ትከሻቸው ወረደ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ሜዳው ወደ እኛ እየወጣ መጣ፤ ማሽላው፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቀው የቆቦ ቆርቆሮ፣ ዋናው መንገድ ላይ የሚጓዝ ጭነት መኪና። ስንት ጊዜ ያየሁት አገር ነው፤ ያን ቀን ግን ገና የተፈጠረ መሰለኝ። ያ ረቢ እያልኩ ነበር፤ ማንም እንዳይከፋው ብዬ ሳይሆን ከልቤ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። አቶ ደረጀ በእግሩ ይዘው ጎትተው አወጡት። ላንድሮቨሩ ወንዙ ጋ ሲደርስ ቃሬዛው ገና ወደ አሸዋው እየወረደ ነበር። ሰዓዳ ዓይኗን ገልጣ ስታየን የምትስቅ የነበረችው ልጅ መሆኗን ለማመን አስቸገረኝ። እናቷ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በሩጫ ነው የወረዱት።

ከዚያ ያለው ረጅም ጥበቃ ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጥን። ጎበዛዝቱም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከቀትር በኋላ ሲስተሯ ወጥታ እጇን እየጠረገች ልጁን አዙራ እንዳወጣችው፣ እናቲቱም ደም ቢፈሳትም ደህና እንደሆነች ነገረችን። ወንድ ልጅ ነው። ከግድግዳው ሥር የተነሣው «አልሃምዱሊላህ» እስካሁን በጆሮዬ አለ።

እትዬ ዘሃራ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ባዶው ቅል አሁንም ከእጃቸው አልተለየም።

«ኑርዬ፣ ቅቤው ረዳችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

አቶ ደረጀ አዩኝ። የተቃጠለ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለውታል። እኔም አየኋቸው።

«ረድቶናል እትዬ» አልኩ። «ወላሂ፣ ያለ እሱ እንዲህ አንደርስም ነበር።»

ውሸት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ወላሂ ብዬ የማልኩት አስቤበት ነው። ያ ቅቤ ባይኖር ኖሮ እኔ ያን ቁልቁለት እንደ ሸክም ተቀምጬ እወርደው ነበር፤ በቅቤው የተነሣ ግን ቆቦ የደረስኩት ሌላ ሰው ሆኜ ነው።

እትዬ ዘሃራ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ግን ቅላቸውን ገልብጠው አዩት። ልጃቸው ወልዳለች፤ አናቷ ደርቋል፤ የቀረ ነገር የለም። ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት። ወደ ሞተሩ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከመብራቱ ጠርዝ ላይ ያን በአውራ ጣታቸው የቀቡትን ትንሽ ቅቤ በዚያው አውራ ጣት ጠረጉት። አቧራ ነክቶታል። በመሀረባቸው ጫፍ ላዩን ነካ ነካ አድርገው አጠሩትና ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር አየኋቸው፤ ጣታቸውን የሰዓዳ አናት ላይ አሳረፉ። ሰዓዳም ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች።

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በኋላም መካኒክ ነኝ። አሁንም ጎሚኒ በብርሃን ፊት ለጥጬ አያለሁ፣ የቫልቭ ቤት በጥፍሬ እዳስሳለሁ፤ ማንም በቅቤና በዱዓ ብቻ ቁልቁለት ውረድ ቢለኝ አልሰማውም። ነገር ግን የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ መሳቅ ትቻለሁ። ፈትቼ ባየሁት ብረት ውስጥ እንኳ ያላየሁት እንዳለ አውቃለሁ። እናቴ እጇን ስትዘረጋ ቆሜ እስከ መጨረሻው እሰማት ጀመር፤ እስክትሞት ድረስ አንድም ጠዋት አላቋረጥኳትም። እናንተም አንዳንድ ጊዜ ከሚወዳችሁ ሰው እጅ የሚያዳልጥ ነገር ይገጥማችሁ ይሆናል። ከመቆጣታችሁ በፊት ከየት ተቀንሶ እንደ መጣ ጠይቁ።

አቶ ደረጀ ጥቂት ዓመት ቆይተው ወደ አገራቸው ተዛወሩ። ስለ ቅቤው ለእትዬ ዘሃራ አንዳችንም ነግረናቸው አናውቅም። እሳቸውም ለገበያ ቆቦ በወረዱ ቁጥር ጋራዤ ጎራ ይሉ ነበር፤ የሰዓዳን ልጅ አስከትለው፣ በቅላቸው ትንሽ ቅቤ ይዘው። የመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ አንድ የተጠገነ ሞተር ደጅ ቆሞ ነበር። ሩቅ ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁኝና፣ አዎ ስላቸው ቅሉን ከፍተው ወደ ፊቱ ጎማ ጎንበስ አሉ። ክንዳቸውን ቀስ ብዬ ይዤ ወደ መብራቱ መለስኳቸው።

«እዚህ ቀቡልኝ እትዬ። ዓይኑ ይኸ ነው፣ መንገዱን የሚያየው በሱ ነው።»

«እግሩስ ልጄ? አይዝልም?»

«እግሩን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። «እሱን እኔ አሸዋለሁ።»